ያልተጨማደደው አንሶላ

የሆስፒታል አንሶላ ሲለይ የሚውል ሰው ለሽርሽር ባይወጣ ይሻለዋል። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ አርብ በደረሰ ቁጥር ግን ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ የሚቆመውም ራሱ ነው። ቦርሳው ውስጥ የገዛ አንሶላው፣ የገዛ የትራስ ልብሱና የገዛ ፎጣው አሉ። ማን እንደተኛበት በማያውቀው ጨርቅ ላይ ከሚጋደም ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቢያነጋ ይመርጣል። ጓደኞቹ «አፍንጫ መጣ፣ አልጋውን ተሸክሞ» እያሉ ይስቁበታል።

አፍንጫ ያለችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ነበረች። ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ የወተት ኩባያውን አሽትቶ «ተበላሽቷል» ይልና ይገፋዋል። እሷ ታዲያ «አሁን ይሄ ምን ይሆናል» ብላ ትቀምስና ፊቷን አጨማዳ ትደፋዋለች። አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አላገኘችውም። ስሙን ለጓደኞቻቸው ያቀበለው ባሏ ነው፤ ሰው አገር ቀድሞ የገባው፣ ሊፍት ጠጋኙ አማቹ።

አፍንጫው እንጀራው ሆነለት። ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ከየክፍሉ የሚወርደውን የአንሶላ ክምር ይለያል፤ ደም የነካውን ለብቻ፣ ትውከት የነካውን ለብቻ፣ እንዲያው የተተኛበትን ለብቻ። ከወዲያ በኩል ታጥቦ፣ በትልቁ መተኮሻ ማሽን ተዳምጦ፣ መስመር በመስመር ተጣጥፎ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሲያይ ስለኖረ ሰው የተኛበትን አንሶላ ካልተተኛበት፣ ሲገላበጥ ያደረውንም እንደ ግንድ ተጋድሞ ካደረው በዓይኑ ይለያል። እንዲህ ያለውን እውቀት ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ደግም አድርገዋል።

ሽርሽሩ እንዲህ ነው። አርብ ከሥራ በኋላ አምስት ሆነው በባለመኪናው መኪና ይሳፈራሉ፤ ባለመኪናው፣ ሚስቱ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ አማቹና እሱ። ሁለት ሰዓት ተነድቶ ሐይቅ ዳር የሚከራይ ቤት አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የአህያ ኑሮ ነው። ባለመኪናው እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ የእግር ጥፍሩን ይቆርጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ። የመታጠቢያው ቀዳዳ በፀጉር ይደፈንና ግራጫ ውሃ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይቆማል። እርጥብ ፎጣ ሶፋ ላይ ተጥሎ ይሻግታል። የበሉበትን ሳህን የሚያነሳ የለም፤ ስብ ረግቶበት ያድራል። ሁሉም ታዲያ «አየሩ እንዴት ደስ ይላል» ይላሉ። የትኛው አየር እንደሆነ ለአፍንጫ አልገባውም።

ታዲያ ለምን ይሄዳል? በአማቹ ምክንያት ነው። «አንተ ካልመጣህ እኔም ቀረሁ» ይለዋል አርብ አርብ። ለሰው አገር ብቸኛ ሰው ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። ገና ከመኪናው ሲወርዱ ትከሻውን እቅፍ አድርጎ «ና ወንድሜ፣ ለእህትህ» ይልና ፎቶ ያነሳቸዋል። ከፎቶው ሥር «ከወንድምሽ ጋር ነኝ» ብሎ ይልክና ስልኩን ያጠፋዋል፤ ከዚህ ወዲያ እረፍት ነው እያለ። ሲተኙም «እኔ አንኮራፋለሁ፣ አንተን አልረብሽህም» ብሎ ሰገነት ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል የሚወስደው እሱ ነው። አፍንጫ ይህን ለእህቱ ነግሯት ነበር። «ያስብልሃል ማለት ነው» ብላ ሆዷ ባባ። እሷ አገር ቤት ሆና ባሏ ሊያስመጣት ያስገባላትን ወረቀት ስትጠብቅ ሦስት ዓመቷ ነው።

እሑድ ጠዋት አንሶላውን ከየአልጋው ገፎ ቅርጫት ውስጥ መክተት የቤቱ ደንብ ነው። ሁልጊዜ ሌሎቹ እየጠቀለሉ ይወረውሩለታል፣ እሱ ያጭቃል። በዚያን እሑድ ግን ሁሉም ሐይቁ ዳር ወርደው ስለነበር አማቹ ብቻ ነበር ቤት የቀረው፤ እሱም ወጥ ቤት። አፍንጫ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ብቻውን ተነሳ። መጀመሪያ ሰገነቱ ላይ ወጣ።

ብርድ ልብሱ ተተረማምሷል፣ ትራሱ መሐሉ ተጨፍልቋል። ብርድ ልብሱን ሲገፍፈው አንሶላው የመተኮሻው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታይበታል፤ ሦስት በቁመት፣ ሁለት በወርድ። ሁለት ሌሊት ሰው የተኛበት አንሶላ መስመሩን ይዞ አይቆይም። ትራሱን የጨፈለቀውም ጭንቅላት አይደለም፣ ቡጢ ነው። ባልና ሚስቱ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት፤ ብቻዋን የምታድረው ፀጉር ሠሪዋ ናት። ከዚያ ወርዶ የፀጉር ሠሪዋን ክፍል ከፈተና ትራሷን ሳያነሳው ሸተተው።

እህቱ በተገኘው መንገደኛ ሁሉ የምትልከው የጀርባ ቅባት አለ። ባሏ ሊፍት ሲጠግን ጎንበስ ቀና እያለ ጀርባውን ያመዋል፤ እሷ ናት አስቀምማ የምትልክለት። ካምፎር የበዛበት፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነው። በዚህ አገር ይህን ቅባት የሚቀባ ሌላ ሰው የለም። ትራሱ በሱ ርሷል።

በሥራው ላይ ስንት ጉድ አይቶ ትንፍሽ የማይል ሰው መታጠቢያ ቤት ሮጦ ገብቶ አስመለሰ።

አማቹ ወጥ ቤት ቆሞ የትናንቱን ሥጋ ከነረጋው ጮማ በጣቱ ከድስቱ እየለቀመ ይበላል።

«አልጋህን አየሁት» አለው አፍንጫ።

«ምን ሆነ አልጋዬ?»

«ምንም አልሆነም። ችግሩ እሱ ነው።»

አማቹ ጣቱን ላሰ። «ሶፋው ላይ ነው ያደርኩት። ጀርባዬን እንደሚያመኝ ታውቅ የለ።»

«የጀርባህ ቅባት የፀጉር ሠሪዋ ትራስ ላይ ነው።»

ሰውዬው አልካደም። ይባስ ብሎ ሳቅ አለ። «እውነትም አፍንጫ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ። የእህትህ ወረቀት ሊያልቅ ሁለት ወር ቀረው። ፈራሚው እኔ ነኝ። እሷ ስትመጣ ይሄ ሁሉ ያበቃል። አሁን አፍህን ብትከፍት የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው። ያን ጊዜ እህትህን የጎዳሃት አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም።» ይህን ብሎ በዚያው ስብ በነካው እጁ ትከሻውን እቅፍ አደረገው፤ ልክ ፎቶ ሲነሱ እንደሚያቅፈው።

አፍንጫ ሸሚዙን አውልቆ ቢጥለው ደስ ባለው። ከሁሉ የቀፈፈው ግን ሌላ ነው፤ የሰውዬው ነገር እውነት መስሎ ታየው። ሁለት ወር ምን አላት? ዝም ቢል እህቱ ትመጣለች። ሃምሳና ስልሳ ፎቶ ላይ ጥርሱን እያሳየ ቆሞ የለም እንዴ? «ከወንድምሽ ጋር ነኝ» የሚለው ቃል አንድ ቀን እንኳ ውሸት ሆኖ አያውቅም፤ ውሸት እንዳይሆን ነበር ለካ እሱን ይዘውት የሚዞሩት። ራሱን እንደዚያ ድስት ተጸየፈው።

ሲመለሱ ከኋላ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ እሱ በበሩ በኩል፣ አማቹ መሐል፣ ፀጉር ሠሪዋ በወዲያኛው መስኮት። መስኮቱ ተዘግቷል፤ መኪናው ቅባት ቅባት ይሸታል። እኩለ ቀን ላይ እንደ ወትሮው የአፍንጫ ስልክ ጠራ፤ እህቱ ናት።

«ማሙዬ፣ ደህና ናችሁ? የሱ ስልክ ዛሬም ዝግ ነው። አጠገብህ አለ?»

«አለ፣ እታለም።»

«እንኳን አብራችሁ ሆናችሁ። እኔም እሱን እያልኩ ነው የምጽናናው። ሰኞ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ቅባቱ አልቆበት እንደሆነ ሁለት ልላክለት?»

አማቹ በጉልበቱ ጉልበቱን ገፋ አደረገው። ፀጉር ሠሪዋ ውጭ ውጭውን ታያለች።

«አትላኪ» አላት።

«ምነው፣ አልተስማማውም?»

«ሽታው ያለው የሱ አልጋ ላይ አይደለም።»

የባለመኪናው ሚስት እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን አጠፋችው። ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ይሰማል፤ ሰው እንዳይሰማት ዘግታው ይሆናል። ሌላ ሴት ብትሆን ተሳስተህ እንዳይሆን ትለው ነበር። ያን ወተት የቀመሰችው ግን እሷ ናት።

«አሽትተህ ነው?» አለችው።

«አሽትቼ ነው።»

«አሁንም አብረሃቸው ነህ?»

«መኪናው ውስጥ ነኝ።»

«ውረድ» አለችው።

ባለመኪናውን አቁም አለው። አማቹ ክንዱን ይዞ «ወረቀቱን አስቢበት በላት፣ ወረቀቱን» እያለ ቢጎትተውም አስለቅቆት ወረደ፤ ቦርሳውንም ወሰደ። መኪናው ትንሽ ቆሞ ቆየና ሄደ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ እንጂ ሰውም ቤትም አይታይም።

«እታለም፣ ወረቀቱስ?» አላት።

«የምን ወረቀት?» አለችው። ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች። «ይልቅ ልብስ ደርበሃል? መንገድ ላይ ነህ እኮ።»