ከወይዘሮ አለምነሽ ጓሮ በላይ የቆመው መብራት

ታቢታ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ናት። ሐዋሳ ውስጥ በጥር የሚያገባ ሁሉ ሐይቅ ዳር ሄዶ መቀረጽ ይፈልጋል፤ ከሰማይ ላይ ሲሆንለት ደግሞ ደስታው ሌላ ነው። ስለዚህ ካሜራ ያላት ድሮን ገዛች። ፈቃድ አላት፣ ባትሪውን ሳትፈትሽ አታስነሳም፣ ንፋስ ካለ ሳጥኑን አትከፍትም። ስቱዲዮዋ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከወይዘሮ አለምነሽ ግቢ የተከራየቻት፣ መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ናት። ሙሽራ ሁሉ ለባጃጁ «ታቢታ ጋ» ብሎ የሚመጣው ወደዚያች በር ነው። በሯን ካጣች ሥራዋን ከዜሮ ልትጀምር ነው።

ከአከራይዋ ጋር ጠብ የተነሳው ከጥምቀት በኋላ ነው። ፀሐይ በሐይቁ በኩል እንደጠለቀች አንድ ነጭ መብራት ከጣሪያዎቹ በላይ ቦግ ይላል። እንደ ከዋክብቱ አይርገበገብም፣ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። የወይዘሮ አለምነሽ መታጠቢያ ደግሞ ጓሮ ነው፤ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የለውም። አንድ ምሽት ሳሙናቸውን እንደያዙ ቀና አሉና መብራቱን አዩ።

«ይቺ ልጅ ራቁቴን እየቀረጸችኝ ነው!» ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ መታጠቢያው ላይ ብርድ ልብስ ተወጠረ፤ የስቱዲዮውም መብራት ተቆረጠ።

በዚያው ምሽት ታቢታ ድሮኗን ይዛ ጓሮ ገባች። «እትዬ፣ ይኸው እጄ ላይ ናት። ያ ብርሃንም እዚያው አለ።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ሁለተኛ የለኝም።»

«ሌባ መቼ አለኝ ብሎ ያውቃል!»

«ይቺ እኮ ግማሽ ሰዓት እንኳ አየር ላይ አትቆይም! ያ ቬነስ ነው። ፕላኔት። እርስዎ አጥቢያ ኮከብ የሚሉት እሱን ነው።»

ይህችን ባትናገር ይሻላት ነበር።

«አጥቢያ ኮከብን ለእኔ? ከልጅነቴ ጀምሮ ኪዳን ስሄድ የማየውን? የንጋት ኮከብ በማታ ወጣ ብለሽ ልታጃጅይኝ ነው? ነገ ደግሞ ፀሐይ በሌሊት ወጣች በይኝ!»

ታቢታ ይህን ያወቀችው ከሥራዋ ነው። ፀሐይ የት ጋ እንደምትጠልቅ አስቀድሞ የሚያሳያት የስልክ መተግበሪያ ፕላኔቶቹንም ያሳያል። ቬነስ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ይቀርባል፤ በእኛና በፀሐይ መካከል ባለው መንገድ ስለሚዞር ከሷ ብዙ ርቆ አይታየንም። አንድ ሰሞን ከኋላዋ ሆኖ ማታ ይጠልቃል፣ ሌላ ሰሞን ቀድሟት ጠዋት ይወጣል። በመካከሉ በፀሐይዋ ብርሃን ተውጦ ይሰወራል። የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚያበራው የእሷን ነው። ይህን ሁሉ አስረዳች። ወይዘሮ አለምነሽ ጀርባቸውን ሰጥተው ልብስ ከገመድ ያወርዱ ነበር።

«ሲሰወርማ አሳምሬ አውቃለሁ» አሉ ሳይዞሩ። «ያኔ ካሜራሽን ደብቀሽ ነው።»

ነገሩ እድር ደረሰ። ሰብሳቢው አቶ ሙሴ ጎረቤቱን ሰብስበው በምሽት ግቢው ውስጥ ቆሙ። ታቢታ ትውጣ ወይስ ትቀመጥ፣ ዛሬ ይቆረጣል ተባለ። መብራቱም እንደ ልማዱ ቦግ ብሏል።

«አባባ፣ ልጅዎ ብሌን ሐይቅ ዳር ሆቴል አይደል የምትሠራው?» አለች ታቢታ። «ይደውሉላት። ድሮን ከሆነ ከዚህ ከሰፈራችን በላይ ነው። ውሃው ዳር ቆሞ ለሚያይ ከጀርባው፣ ወደ እኛ በኩል ነው የሚታየው።»

አቶ ሙሴ ስልኩን ድምፅ አውጥተው ደወሉ። «ብሌንዬ፣ እስቲ ውጪ። ትልቅ ነጭ ብርሃን ይታይሻል? ወደ እኛ ሰፈር ነው ወይስ ወደ ሐይቁ?»

«ወደ ሐይቁ ነው፣ አባዬ። ከውሃው ማዶ፣ ተራራው ላይ። ምነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ አለምነሽ ዞረ። ከዚያ ከኋላ ያለው ባለሱቁ ፊልሞን አላስችል አለው። «እትዬ፣ ከሐይቁ ማዶ ሆኖ እርስዎን ካየማ ወንድ ነው፤ ያግቡት!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ሙሴ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ታቢታም ሳቀች፤ ከሰሞኑ ጭንቀት በኋላ አመለጣት።

ወይዘሮ አለምነሽ ዓይናቸውን ከምትስቀው ታቢታ ላይ ሳይነቅሉ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ጨረሳችሁ? በሉ ከግቢዬ ውጡ።» ሰው እየተጋፋ ወጣ። ታቢታም ልትወጣ ስትል «አንቺ ቆይ» አሏት። «ኮከብ ነው፤ እሺ። ወሩ ሲያልቅ ቁልፌን አምጪ።»

«እትዬ፣ እንግዲህ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ጥፋት የለብሽም። ጥፋት ቢኖርብሽማ ይቅር እልሽ ነበር።» በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ታቢታ መንገድ ላይ ቆማ ለደላላው ለከድር ደወለች። መንገድ ዳር የሆነ፣ ለስቱዲዮ የሚሆን ቤት እንዲፈልግላት ነገረችው።

«አከራዩስ ምን ዓይነት ሰው ይሁንልሽ?» አላት እየቀለደ።

«ሰማይ ቀና ብሎ የማያይ» አለችው። እሷ አልሳቀችም።