«አነበብኩ» የሚለው ሰው

ሰፊዋ ወሬ አትወድም ብሎ የሚምል ካለ ይማል፤ ኃጢአቱ ግን በራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስታጠብና ስታሰፋ፣ የሰውን ጓዳ በኪሱ በኩል ስታየው ኖራለች። ማን እንደወፈረ፣ ማን ወፈርኩ ለማለት እንዳፈረ፣ የማን ባል ኪስ ውስጥ የሁለት ሰው የሲኒማ ቲኬት እንደተገኘ፣ ሚስቱ ደግሞ ሲኒማ ረግጣ እንደማታውቅ፣ አንድም አያመልጣት። ግን ሥራ ሥራ ነውና አፏን ትሰበስባለች። አፏ ውስጥ ሁልጊዜ መርፌ ቁልፍ ስላለ መሰብሰቡም ብዙ አይከብዳትም።

ሩቅ ከተማ የምትሠራ ነርስ ልጅ አለቻት። ልጅቱ ይሄን ወሬ በስልክ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ከረመች፤ ለእረፍት የመጣች ጊዜ፣ ለእኔ ብቻ ከምትነግሪኝ ጻፊው፣ የሰው ስም ብቻ አትጥሪ ብላ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ በእናቷ ስልክ ላይ ብሎግ ከፈተችላት። ስሙንም ጮክ ብለው ተማክረው «የኪስ ወሬ» አሉት። ሰፊዋ በምሳ ሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ የስፌት መኪናዋን ታቆምና፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመች ትጽፋለች።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንድ ሰው አነበበው። ከሥሩም አንዲት ቃል ብቻ ጣለ፤ «አነበብኩ»። ስም የለው፣ ፎቶ የለው። ልጄ ናት ብላ ደስ አላት። ደውላ ስትጠይቃት ግን ልጅቱ ሥራ በዝቶባት ገና እንዳላየችው ነገረቻት፤ አፈር ብላም ሳቀች። ሁለተኛውን ጻፈች፤ «አነበብኩ»። አሥረኛውን ጻፈች፤ «አነበብኩ»። ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰው በቀር ዝር ያለ የለም። ሴትዮዋ ለዚያ ለአንድ ሰው ስትል አላቋረጠችም። እንግዳ አንድም ቢሆን እንግዳ ነው፣ በር አይዘጋበትም።

አሁን የካውያው ነገር ካልተነሳ ወሬው አይሞላም። ካውያው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልብስ ተኳሽ ስለሆኑ ሰፈሩ በመሣሪያቸው ጠራቸውና ስማቸው ሆኖ ቀረ። ሱቁ የሁለቱ ነው፤ በመስኮቱ በኩል እሷ ትሰፋለች፣ ከኋላ እሳቸው ይተኩሳሉ፣ መሐላቸውን የተሰቀለ ልብስ ይለየዋል። ብሎጉ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሰፊዋ ለማስታወሻ ያስቀመጠችውን የባሏን ኮት ደስ ላሰኛት ብለው ሳይነግሯት ሊተኩሱት አነሱ። ስልክ ጠራ፣ ዞር አሉ፣ እጅጌው ላይ የካውያ ቅርጽ እንደ ማኅተም ቁጭ አለ። እሷም በንዴት «በሕይወቱ አላሳረፉት፣ ሞቶም አላሳረፉት» አለቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ታዲያ በአንድ ክፍል እየዋሉ ሥራው እንዴት ሄደ ቢባል፣ በወረቀት ነዋ። እሷ ልብሱን ስትጨርስ ኮሌታው ላይ ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ትሰካለች፤ ክሩ ይቀልጣልና ብረቱ ቀዝቀዝ ይበል፣ ትላለች። እሳቸው ከሥሩ «እሺ» ብለው ይተኩሳሉ። ሁለት ዓመት በ«እሺ» ብቻ ኖሩ።

እሷም ብሎጉ ላይ አልማረቻቸውም። አንድ ተኳሽ አለ፣ ካውያው ትኩስ አፉ በረዶ፣ ብላ ጻፈች። የሰው ሸሚዝ ያቃናል፣ የራሱን ግንባር ግን መተኮስ ረስቷል፣ አለች። ሰው ሳቀ። ወሬው ከስልክ ስልክ ዞረና አንድ የነበረው አንባቢ መቶ፣ ሺህ፣ በሁለተኛው ዓመት አሥር ሺህ ገባ። ልጅቱ ደውላ፣ በይ እንግዲህ ምስጋና ጻፊ አለቻት።

ሰፊዋ ልትጽፍ ተቀመጠች፣ እጇ እምቢ አላት። አሥር ሺውን በጅምላ ማመስገን ይቀላል። ያን ዓመት ሙሉ ብቻውን የተቀመጠላትን ሰው ሳያውቁ ማመስገን ግን ከአንገት በላይ ሆነባት። ስለዚህ እዚያው ብሎጉ ላይ ጠየቀች፤ «አነበብኩ የምትለው ሰው፣ ማን ነህ? ከሁሉ በፊት አንተን ሳላመሰግን ሌላውን አላመሰግንም።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አነበብኩ» ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ሰው አስቀየምኩ ብላ ስልኳን ደጋግማ ከፈተች።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ሱሪ በጥቁር ክር ስትጠቅም ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ያ አምፖል ድሮ የሚንጠለጠለው በካውያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ጥቁር በጥቁር ስሰፋ ዓይኔ አለቀ ብላ ጻፈች፤ በማግስቱ አምፖሉ ወደ እሷ ዞሮ ቆያት። ሙቀቱ አስቸግሯቸው ይሆናል ብላ አለፈችው። ወንበሩ ወገቤን ቆረጠኝ ብላ የጻፈች ሳምንት ደግሞ ወንበሯ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አገኘች፤ ደንበኛ የረሳው መስሏት ስትቀመጥበት ከረመች። በምሳ ሰዓትም ካውያው ከልብሱ ማዶ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸው ላይ ያጎነብሳሉ። ዜና ነው ትል ነበር። ለካ ዜናው የእሷ ኖሯል።

ፊቷ ጋለ። ያን ሁሉ ስድብ በየሳምንቱ እያነበቡ ሲፈርሙላት ኖረዋል።

በአፏ እንዳትናገር ሁለት ዓመት የዛገ ምላስ ያዛት። እንደ ልማዷ ወረቀት ቀደደችና፣ «ጋሼ፣ አንባቢዬ እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ። በንዴት ላልኩት ይቅር ይበሉኝ» ብላ ሊተኮስ በነበረው በአንድ ደንበኛ መምህር ኮት ኮሌታ ላይ ሰካችው። ሲያነቡት ላለማየትም ቁልፍ ልትገዛ ወጣች።

መምህሩ ማለት ሁልጊዜ የረፈደበት ጎረምሳ ነው። ካውያው ኮቱ ጋ ሳይደርሱ ከች አለና፣ ሳይተኮስ ይሁን ብሎ ከማንጠልጠያው መንጭቆ ለብሶ ሮጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእሱ ግን አልተፈታም፣ ወረቀቱን ኮሌታው ላይ እንደሰካ ሦስት ክፍል አስተማረ።

ከሰዓት በኋላ ተማሪ ሲስቅበት ውሎ፣ ተናዶ ተመለሰ። ሰፊዋ ገብታለች፤ ኮቱ ተተኩሶ የሄደ መስሏት፣ ካውያው ምንም ስላላሉ አንብበው ናቁኝ ብላ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። መምህሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ በክፍል ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የጻፉትን አንድም ቀን አላነበብኩም» አለ። «ጋሼ የሚለኝም የለ። የማን ነው ይሄ?»

ከልብሱ ማዶ የተነሳው ብረት አየር ላይ ቆመ። ከወዲህ የመኪናው ፔዳል ቆመ። ሰፊዋ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣችና የጋሼ ነው አለችው። ከዚያ የተሰቀለውን ልብስ በእጇ ገለጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ አምፖሉን ያዞሩት እርስዎ ነዎት?»

«ዓይንሽ እንዳይጠፋ ነዋ።»

«ያን ሁሉ ስሰድብዎትስ?»

ብረቱን ከጨርቅ ራቅ አድርገው በጥንቃቄ አቆሙት። «አነበብኩ» አሉ። ግንባራቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «የግንባሩን ነገር ግን አብዝተሽዋል።»

«ማን ነህ ብዬ ስጠይቅ ታዲያ ለምን ጠፉ?»

«እኔ መሆኔን ካወቅሽ መጻፍ ትተዪያለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሌላ ምን አለኝ?»

ሰፊዋ ያኔ ሳቀችም አለቀሰችም፤ መምህሩ የቱ እንደሆነ ሳይገባው ወጣ።

በማግስቱ ምስጋናው ወጣ። እናንተ አሥር ሺህ ሆናችሁ ወንበር ስላጣበባችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሄን ቤት ግን ዓመት ሙሉ ብቻውን ተቀምጦ ያሞቀላችሁ አንድ ተኳሽ ነው፣ አፉ በረዶ ነው ያልኩትንም ዛሬ አንስቻለሁ፣ አለች። ስለ ግንባሩ ምንም አላለች። የባሏን ኮት ደግሞ አወጣች። የተቃጠለው እጅጌ ላይ ቆዳ ለጥፋ፣ «ለጋሼ፤ ይለበስ» የሚል ወረቀት ሰካችና ማዶ ሰቀለችው።

ከምስጋናው ሥር ከሁሉ ቀድሞ የገባው ያው ሰው ነው። «አነበብኩ» ይላል፤ ዛሬ ደግሞ ጨምሯል፤ «ኮቱ ትከሻው ላይ ይጠበኛል።»

ሰፊዋ ስልኩን አስቀምጣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለች። «ጋሼ፣ እዚህ ሆነው በስልክ አይጻፉልኝ» አለች። «ይምጡና ልለካዎት።»