ጀርባው ባዶ የሆነው መጽሐፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ መጽሐፍ ስለመምረጥ ነው፤ ያውም የኮምፒውተር መጽሐፍ፣ ያውም ግማሹ ያልታተመ። የባሰ ያየ ሰው በሞላበት አገር ይህን ይዞ አንባቢ ፊት መቅረብ ያሳፍራል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት፣ ከዩኒቨርሲቲያችን በር አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገና ትኩስ የሆነ ወረቀት ተቀብዬ ደረቴ ላይ ሳቅፈው፣ ያ የቀለምና የጋለ አቧራ ሽታ ጉደር ወዳለው ቤታችን፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወደነበርኩበት ወደ 2012 ዓ.ም. በጋ መለሰኝ።

ወንድሜ ገመቹ ያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነበር። ግቢያቸው ሲረበሽ አንድ ቦርሳ ብቻ አንግቶ ከሩቅ አገር መጣ። ሲጠሩት ተመልሶ ለፈተና እንደሚቀመጥ ተነግሮታል፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ስለ ከርነል፣ ማለትም በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሆኖ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ስለሚያስተዳድረው ክፍል፣ የሚጠይቀው ነበር። ያን ከወደቀ ትምህርቱ ያበቃል። ስለዚህ መጽሐፍ ሊመርጥ ኦቦ ዳባ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄድ እኔም እየሮጥኩ ተከተልኩት።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መጻሕፍት ተከፈቱ፤ አንዱ በዓለም ላይ የሚሠራበትን ግዙፍ ከርነል የሚተነትን ወፍራም፣ ሌላው አስተማሪዎች ለተማሪ ብለው የሠሩትን ትንሽ ከርነል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳይ ቀጭን።

«ወፍራሙን አሳትም እንጂ ጎበዝ!» አለ ኦቦ ዳባ። «ይዘኸው ስታልፍ እንኳ ሰው የተማረ ይልሃል።»

«ወፍራሙ በር ይደገፍበታል፤ ቀጭኑ ይነበባል» አለ ገመቹ እየሳቀ። «ጎጆን ከመሠረቷ እስከ ጉልላቷ ያወቀ ሰው ፎቅ አያስፈራውም።»

የኦቦ ዳባ ማሽን መጀመሪያ የገጾቹን ፊት ሁሉ ያትምና፣ ክምሩ በእጅ ተገልብጦ ሲገባ ጀርባውን ያትማል። ፊቱ አልቆ ክምሩ ሊገለበጥ ሲል መብራት ጠፋ። «ነገ ጀርባውን እጨርስልሃለሁ» አለን። መብራቱ ግን ሲመለስ በኃይል መጥቶ ኮምፒውተሩን አቃጠለው፤ በዚያው ሰሞን ኔትወርክም ተዘጋ፤ መጽሐፉን እንደገና ማውረድ አልተቻለም። እኛም አንድ ገጽ ተጽፎ አንድ ገጽ የተዘለለበት መጽሐፍ ይዘን ቀረን።

ገመቹ አንዱን ገጽ ያነብና፣ የሚቀጥለው ምን ሊል እንደሚችል አስቦ ባዶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ከመጻፉ በፊት ግን ለእኔ ያስረዳኛል፤ እኔ ከገባኝ እውነት መሆን አለበት ይላል። ከሰዓት በኋላ፣ ግቢያችን ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር፣ ከርነሉን እንደ ወፍጮ ቤት አስረዳኝ። ወፍጮው አንድ ነው፣ ባለእህሉ ብዙ፤ ወፍጮኛው የአንዱን እህል አቋርጦ የሌላውን ሲያስገባ የት ላይ እንዳቆመ ምልክት ካላደረገ፣ የመጀመሪያው ሰው እህል ዱቄትም እህልም ሳይሆን ይቀራል። አንድ ፕሮግራም ቆሞ ሌላው ሲቀጥል ምልክቱ የት እንደሚቀመጥ የሚናገረው ገጽ ደግሞ ካልታተሙት አንዱ ነበር። እዚያ ጀርባ ላይ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፤ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን አሳለፈ።

«ትክክል አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ይመስለኛል። ፈታኝ ግን ‹ይመስለኛል› አይቀበልም፣ ጫልቱ።»

ጌዶ ከተማ ያለ አንድ መምህር ሙሉው መጽሐፍ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለው ገመቹ ሰማ። ጠዋት ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ሲወጣ እማዬ በሩ ላይ ያዘችው።

«ጉርባ ኮ፣ ልጄ፣ መንገዱ ደግ አይደለም። ወረቀቱ ይቅርብህ።»

«ለእራት እመለሳለሁ። እቺ ሆዳም ድርሻዬን እንዳትበላብኝ ብቻ!»

አልተመለሰም። ስልክ ስለማይሠራ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በኔትወርኩ እያሳበብን ተጽናናን። ከዚያ በየጣቢያው፣ በየሆስፒታሉ ጠየቅን። እማዬ ማታ ማታ የውጭውን በር መቀርቀር ተወች፤ ልጁ መጥቶ እንዳያንኳኳ። ጎረቤት ሌባ ይገባብሻል ሲላት «ይግባ» ትል ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ነፋሱ በሩን ሲያንቋቋ ሁለታችንም ከየአልጋችን ቀና እንላለን። በመጨረሻ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በዚያው ሚኒባስ ተሳፍራ የነበረች የሸነን ከተማ ነጋዴ ሽማግሌዎች ይዛ መጣች። መንገድ ላይ ተኩስ እንደተከፈተ፣ ልጃችን ከአጠገቧ ተመትቶ እንደወደቀ፣ እዚያው እንደተቀበረ ነገረችን። ፍርሃት አፏን ይዞት ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት ያሳተምኩት ያንን ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ፊትና ጀርባውን። ዶርም ገብቼ የገመቹን አጠገቡ ዘረጋሁ። ከሌሎቹ ጀርባዎች ብዙዎቹን ስቷል፤ አንዳንዱ ያስቃል። ያቺን የሳሳች ገጽ ግን አልሳታትም። መጽሐፉ የሚለው እሱ በእርሳስ የጻፈውን ነው፤ የእሱ እንዲያውም ይበልጥ ይገባል። ጌዶ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ መንገርም የምችል አይመስለኝም።

እሷ የውጭውን በር እንደገና መቀርቀር የጀመረችው ሽማግሌዎቹ መጥተው በሄዱበት ቀን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ ነው።