አንድ ናሙና ለሰባት ሰው

ሁልጊዜ ጠዋት ነጭ ካፖርቷን ከለበሰች በኋላ የማይክሮስኮፑን መመልከቻ በለስላሳ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። ከዚያ ባለ አምስት ቁልፍ መቁጠሪያዋን በግራ እጇ ይዛ ከመጀመሪያው የደም ስላይድ ላይ መቶ ነጭ ሕዋሳት ትቆጥራለች። ለእያንዳንዱ ዓይነት ሕዋስ አንድ ቁልፍ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ማሽን ይህንኑ ሥራ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እሷ ግን ማሽኑ የተጠራጠረውን በዓይኗ ሳታይ አትፈርምም። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ስለሠራች ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከኋላዋ «ቆጣሪዋ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ሲሆን «እትዬ» ነው፣ ቁጣዋን የማያውቅ የለምና።

ያን ማክሰኞ አምስተኛውን ቁልፍ የተጫነችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። አምስተኛው ቁልፍ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት፣ ሆዳቸው በብርቱካናማ ጥራጥሬ የተሞላ ሕዋሳት የሚቆጠሩበት ነው። ሌላ መቶ ጨመረች። አንድም የለም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ስሙን አየች። የታላቅ እህቷ ባል ነበር፤ የሆስፒታሉ አትክልተኛ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የዚሁ ሰው ደም ከመቶው ሠላሳ አንድ ኢዮሲኖፊል ነበረው። ጤነኛ ሰው ከአምስት ስድስት አያልፍም። እነዚህ ሕዋሳት እንዲያ የሚጎርፉት ሰውነት ወይ በአለርጂ ሲቆጣ፣ ወይ ደግሞ ውስጡ የገባን ትል ሲታገል ነው። ያኔ ከውጤቱ ሥር «ትል በደንብ ይፈለግ» ብላ ጽፋ ነበር። የወንዶች ክፍል ወጣት ሐኪም ግን የሰውየውን ደረት አዳምጦ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማ፤ አስም ነው ብሎ ወሰነና የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ክኒን ጀመረለት። በመጀመሪያው ሳምንት አትክልተኛው እንደ ልጅ ተነፈሰ። ቤተሰቡ ሐኪሙን መረቀ።

አሁን ሐኪሙ ራሱ ውጤቱን ሊወስድ የላቦራቶሪው መስኮት ድረስ መጣ።

«አዩት?» አላት ወረቀቱን እያነበበ። «ከሠላሳ አንድ ወደ አንድ። የእርስዎ ትሎች ሻንጣቸውን ይዘው ሄደዋል።»

«ዶክተር፣ የሄዱት ትሎቹ አይደሉም። ዘበኞቹ ናቸው።»

«አልገባኝም።»

«ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ሁሉ እነዚህ ሕዋሳት ይጠፉበታል። ዘበኛው የተባረረበት ግቢ ሌባ የለበትም አይባልም።»

«ሳሉ ተመልሶበታል፤ ሆዱንም ያመው ጀምሯል» አለ ሐኪሙ፣ ለሷ ሳይሆን ለወረቀቱ እንደሚናገር። «አስሙ አልበረደም ማለት ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ መጠኑን እጥፍ አደርገዋለሁ።»

«እጥፍ ካደረጉት ይገድሉታል።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። የአትክልተኛውን ፋይል ከብብቱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋው። በየዓመቱ አንድ፣ ባጠቃላይ አምስት የሰገራ ምርመራ ውጤቶች ነበሩ። በአምስቱም ላይ «ምንም ጥገኛ አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

የእሷ ነበር።

«እኔ ያመንኩት የእርስዎን ፊርማ ነው። ደግሞ ዘመድዎ ነው ይባላል። ዘመድ ሲታመም የማናችንም ዓይን ልክ አያይም።» ፋይሉን አጥፎ ሄደ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሷን እሳት ያስጎረሳት ግን ሞኙ አልነበረም፤ ወረቀቱ ነበር። የራሷ እጅ ጽሕፈት፣ የራሷ ማኅተም፣ አምስት ጊዜ።

የጠረጠረችው ትል ስትሮንግሎይድስ የሚባለው ነው። ገና ያላደገው ትል፣ እጭ የሚባለው፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ የባዶ እግርን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በደም ሳንባ ይደርሳል፣ እዚያ ሳልና ማፈን እያመጣ ይቆያል፣ ከዚያ ተውጦ አንጀት ውስጥ ይከትማል። ከሌሎቹ የሚለየው እዚያው ሰው ውስጥ መራባት መቻሉ ነው። የሰውነት መከላከያ ነቅቶ እስከጠበቀው ድረስ ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። መከላከያውን በመድኃኒት ያስተኙት ቀን ግን በሺህ ሆኖ ይነሣል፤ የአንጀቱን ባክቴሪያ በጀርባው አዝሎ ሳንባንም አንጎልንም ይወራል።

አፈሩም ሩቅ አልነበረም። ከወንዶች ክፍል ጀርባ ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ከተሰነጠቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ፍሳሹ ለበሽተኞች ወጥ ቤት አትክልት የሚበቅልበት መደብ ውስጥ ይገባል። አትክልተኛው ጎመኑን እዚያ በባዶ እግሩ ይኮተኩታል። የጎማ ቦት ይሰጠው ብላ ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች። ስምንት ጥንድ ቦት ንብረት ክፍል ውስጥ ተቆልፎ አለ፤ ጎብኚ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ እንግዳው ሲሄድ ታጥቦ ይገባል።

ናሙና መቀበያ ኩባያ ይዛ ወደ ወንዶች ክፍል ወጣች። አትክልተኛው መስኮት አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ትራስ ደግፎ ተቀምጧል። እህቷ ብርቱካን ትልጥለታለች።

«ጋሼ፣ ናሙና እፈልጋለሁ። አሁን፣ በዚህ።»

«ከሚስቴ እህት ጋር ስለ ሰገራ የማወራበት ዕድሜ ደረስኩ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖበት ጎንበስ አለ።

«አንቺ ደግሞ ሰው ባየሽ ቁጥር የሚታይሽ ትል ነው» አለች እህቷ። «ዶክተሩ አስም ነው ብሏል። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ እኮ ነው እንቅልፍ የወሰደው። አሁን መጥተሽ ሰላማችንን አትንሺን።»

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ። ሸሚዝህን ግለጠው፣ ጋሼ።»

ሆዱ ላይ፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ጠመዝማዛ ቀይ መስመር አለ።

«ቀበቶ ነው የላጠው» አለች እህቷ።

«ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ቀበቶ ያስራል?» ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ በመስመሩ ጫፍ ላይ ነጥብ አደረገች። «ቀበቶ ከሆነ ካለበት አይነቃነቅም፤ ከቆዳ ሥር ያለ ትል ከሆነ ግን ይሄዳል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ናሙናህን አይቻለሁ። አምስት ጊዜ እንዴት አንዲት እጭ አጣሁ?»

አትክልተኛው ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። ከዚያ ብርቱካኑን።

«የኔን አላየሽማ» አለ።

«ምን?»

«የኔን አላየሽም። የንጹሑን ነው ያየሽው።»

ንጹሑ የወጥ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ምርመራ ወድቆ ስለማያውቅ ነው ቅጽል ስሙ የወጣለት። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የሆስፒታሉ ምግብ በእጃቸው የሚያልፍ ሠራተኞች ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ናሙና ያስገባሉ፤ ጥገኛ የተገኘበት ለሁለት ወር ያለ ደሞዝ ይታገዳል። ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት አትክልተኛው አሜባ ተገኝቶበት ታግዶ ነበር። መድኃኒቱን በአንድ ሳምንት ጨረሰ፤ እገዳው ግን ሁለቱን ወር ሞላ። በሚቀጥለው ዓመት ንጹሑ ማልዶ መጥቶ የራሱን ናሙና ለስድስት ባልደረቦቹ አካፈላቸው፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ እንዲሁ።

«ሰውየው ቸር ነው» አለ አትክልተኛው። «አንድ ቀን እንኳ ውለታ አልጠየቀንም።»

«ይሄ ነው ቸርነቱ?» አለች ቆጣሪዋ።

«እኛ ምን እናድርግ? እናንተ አክማችሁ ብቻ ብትተዉን ማን ይደብቅ ነበር? ትል ከሆዳችን ስታወጡ እንጀራችንንም አብራችሁ ታወጣላችሁ።»

እህቷ የብርቱካኑን ልጣጭ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አምስት ዓመት» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ በየዓመቱ ‹ንጹሕ ነኝ› እያልክ ስትገባ ደስ ብሎኝ የክት ቀሚሴን እለብስ ነበር።» ባሏን ትመታው እንደሆነ ትንሽ አሰበች መሰል፣ ከዚያ ኩባያውን አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ተነሥ። ሂድ።»

ቆጣሪዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። የምትቆጣበት ሰው ሞልቶ ተርፏታል። ግን ቁጣዋ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሷ መጣ፤ አሁን ትዝ አላት። በዚያ የምርመራ ቀን ጠዋት አርባ ኩባያ በአንድ ጊዜ ይደረደርላታል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። በአንደኛው ዓመት በተከታታይ ሰባት ስላይዶች ላይ ያንኑ የቲማቲም ልጣጭ አይታ «ሠራተኞቹ ትናንት አንድ ላይ ሰላጣ በልተዋል» ብላ አልፋ ነበር። መቶ ሕዋስ ሳትቆጥር የማትፈርም ሴት።

ናሙናውን በእጇ ተቀብላ ወረደች። ተራው ምርመራ ይህንን ትል በቀላሉ አያገኘውም፤ እጮቹ ጥቂት ናቸው፣ ይደበቃሉ። ነገር ግን ሙቀት ይወዳሉ። አፈ ሰፊ፣ ጭራ ቀጭን የመስታወት ማጥለያ በብረት ማቆሚያ ላይ ሰቀለች፤ ጭራው ላይ የጎማ ቱቦ አስገብታ በመቆንጠጫ ዘጋችው። ለብ ያለ ውኃ ሞላችበትና ናሙናውን በስስ የጎዝ ጨርቅ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችው። እጭ ካለ ከጎዙ ወጥቶ በሞቀው ውኃ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ሥራው ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ምሳ አልበላችም። መሀል ላይ አንድ ጊዜ ወጥታ የአትክልተኛውን ሆድ አየች፤ ቀዩ መስመር የእስክሪብቶ ነጥቡን በአራት ጣት አልፎት ሄዷል።

መቆንጠጫውን ስታላላ ጥቂት ጠብታ ወረደ። ስላይድ ላይ አደረገችው፤ ተመለከተች። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ተወች። እንደ ተቆረጠ ክር ይገላበጣሉ።

ሐኪሙ የክፍሉ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ና ወደ ታች» አለችው።

ከመጣ ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ሻዩን አስቀመጠ። እዚያው የነበረች ነርስ ከመዝገቡ ላይ ቀና ብላ ተመልሳ አቀረቀረች።

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ማስተካከያውን አዞረ፣ መልሶ አዞረ።

«የሱ ነው?»

«በእጄ የተቀበልኩት ነው።»

«አምስቱ ውጤቶችስ?»

«ፊርማው የኔ ነው። ናሙናው የሱ አልነበረም።»

«የማን ነበር?»

«መጀመሪያ ትእዛዝህን ሰርዝ።»

«እየጠየቅኩዎት ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው፤ አስተዳደሩ ማወቅ አለበት።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘበኞቹን አባርረህ በሩን ለትል ስትከፍት ነበር። ‹ትል ይፈለግ› ብዬ ስጽፍልህ አላነበብክም። አሁን ማንበብ አማረህ? ሰርዝና ከዚያ ጠይቀኝ።»

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። እስክሪብቶውን አወጣ። እጥፉን ሰረዘ፤ የነበረውም በየቀኑ እየቀነሰ እንዲቋረጥ ጻፈ። ከሥሩ ትሉን የሚገድለውን አይቨርሜክቲን አዘዘ፣ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራም ጨመረ።

«እሺ። የማን ነበር?»

ወረቀት ስባ ለአስተዳደሩ ጻፈች፤ ጽሑፏ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር። የምግብና የአትክልት ሠራተኞች የአምስት ዓመት ውጤት በሙሉ እንደማይታመን፣ ናሙናውን ማን እንዳመጣው ሳያረጋግጥ የተቀበለው ላቦራቶሪው መሆኑን፣ ሠራተኞቹ ሐሙስ ዳግም እንደሚመረመሩ፣ ትል የተገኘበት ታክሞ በሥራው ላይ እንዲቆይ። ቦቶቹንም ጨመረችበት፤ ስምንት ጥንድ። ፈርማ ለሐኪሙ ሰጠችው።

«ይሄ ሥራዎን ሊያሳጣዎት ይችላል» አለ ሐኪሙ።

«እሱን ለኔ ተወው። አንተ ከሥሩ ፈርም።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ፈረመ።

አትክልተኛው በክብደቱ ልክ የተቆጠረለትን ክኒን የዋጠው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ማታ ትኩሳቱ በየሁለት ሰዓቱ ይለካል። ሁለተኛው መጠን ነገ በዚሁ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ሰገራው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእጭ ነጻ እስኪሆንም ክኒኑ በየቀኑ ይቀጥላል።