ባዶ የተመለሰው ስልክ

የእኔ የልብስ ስፌትና የጎረቤቴ የሸጋ የስልክ ጥገና በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል ለሁለት ከፍለን ተከራይተን ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠናል። እሷ ስታስነጥስ ከዚህ ማዶ "ይማርሽ" እላለሁ፤ መርፌ ተሰብሮብኝ ስራገም ደግሞ የእሷን ሳቅ እሰማለሁ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከወሬኛ አልለቀምኩትም። ግማሹን በጆሮዬ ሰማሁት፣ ግማሹን ራሷ ነገረችኝ።

ሸጋ የዘንገና ልጅ ናት። እናቷ እማማ ማናለብሽ ዛሬም ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ማሳቸው አልተነቃነቁም። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ አማርኛ የሚባል አታውቅም ነበር፤ ከቤትም ከደጅም አገውኛ ነው። እንደምንም ትምህርቷን ገፍታ ኮሌጅ ገባችና ኮምፒውተር ተማረች፤ ሥራ ግን አልተገኘም። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ሳለች የተበላሹ ስልኮችን እየፈታች ስትገጥም እጇ ለመደ፣ በዚያው ቀረች። አሁን አርባ ሊሞላት ነው። አላገባችም፤ ለምን እንዳላገባች አንድ ጊዜ የጠየቃት ሰው ሁለተኛ አይጠይቃትም።

ያረጀ ስልክ ይዛችሁ ሌላ ሱቅ ብትሄዱ "ይሄ አብቅቶለታል፣ ሌላ ግዙ" ትባላላችሁ። ሸጋ ግን "ሩት ላድርገው" ነው የምትለው። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ አስረዳችኝ፦ "ስልክ ስትገዛ ቤቱን አከራዩህ እንጂ አልሸጡልህም። የዋናው ክፍል ቁልፍ እነሱ ጋ ነው። ሩት ማድረግ ያንን ቁልፍ መቀበል ነው።" ቁልፉን ከተቀበለች በኋላ ከፋብሪካ ተጭኖበት የመጣውን የማይረባ ኮተት ትነቅላለች፣ የጎደለውን ትጨምራለች፣ ስልኩ ቀሎት ይነሳል። ከአዘናም ከዳንግላም በሚኒባስ ረዳት እጅ ስልክ ይላክላታል። ኩራቷም ይኸው ነበር።

መምህር አወቀ የመጡት በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ አዲስ ቅዳም ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ።

"ይህ ስልክ አገውኛዬን አላነብም አለኝ" አሏት።

አሳዩአት። የአማርኛው ፊደል ሁሉ ደህና ይነበባል፤ አገውኛ ብቻ ያለው፣ በአፍንጫ የሚባለው "ጘ" ግን በመጣ ቁጥር ባዶ ሳጥን ይሆናል። ከሦስት ቃል አንዱ መሐሉ ላይ ሳጥን ተቀምጦበታል።

ሥራቸውንም ነገሯት። ከስድስት ዓመት ወዲህ በእግራቸውም በባጃጅም ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ ሽማግሌና አሮጊት እየጠየቁ የአገውኛ ቃል ይሰበስባሉ። የሣር ስም፣ የአፈር ስም፣ የሞፈርና የቀንበር እያንዳንዱ ቁራጭ የሚጠራበት፣ ላም በመልኳ የምትለይበት። ቃሉን በስልኩ ይጽፉታል፣ የተናጋሪውን ድምፅም ይቀዳሉ።

"ወረቀት ላይ ለምን አይጽፉትም?" አለቻቸው።

"ወረቀት አፍ የለውማ! እንዴት እንደሚባል ካልተሰማ ምን ዋጋ አለው? ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።"

ሸጋ ሰውየውን ከመጀመሪያ ቃላቸው ጀምሮ አውቃቸዋለች። ሦስተኛ ክፍል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር በአገውኛ ስታወራ ሰምተው ሰሌዳው ሥር አንበረከኳት፤ ደወል እስኪደወል ጆሮዋን ይዛ "የምናገረው አማርኛ ነው" እንድትል አደረጓት። በዚያ ዕድሜዋ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክላ መጨረስ እንኳ አትችልም ነበር። በተሳሳተች ቁጥር ክፍሉ ይስቃል። መምህሩ ግን አላወቋትም። እሷም ማን እንደሆነች አልነገረቻቸውም።

"ፊደሉን እጨምርልዎታለሁ" አለች። "ግን መጀመሪያ ሩት መሆን አለበት።"

የሚሞሪ ካርዱን አውጥታ በክብሪት ቤት ውስጥ አድርጋ ሰጠቻቸው። "ይኸው፣ ይሄ እርስዎ ጋ ይሁን። ንብረትዎ አይነካም።" መምህሩ ክብሪቱን በደረት ኪሳቸው ከተው ወጡ። እሷ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ ካርዱ ላይ ነው ብላ አምናለች። ካርዱን አስገብታ አላየችም። ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሥራውን ጀመረች። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወራት ሆኖት ስለነበር ስለዚያ ስልክ ዓይነት ከኢንተርኔት ማጣራት አይቻልም፤ ድሮ ኮምፒውተሯ ላይ ባስቀመጠችው መመሪያ ነው የሠራችው። ሌሎቹ ያረጁ ስልኮች እንዲሁ በአንድ ፕሮግራም ይከፈቱ ነበር። ይኸኛው እምቢ አለ። ስልኩ ሲነሳ በሩን የሚጠብቀው መቆለፊያ በቅድሚያ መከፈት ነበረበት። ትእዛዙን ከኮምፒውተሩ ላከች። ስልኩ ጥቁር ሆነና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ፤ ከሥሩ "አዎ" እና "አይ" አለ። በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ "አዎ" ላይ ወጣች፣ ማብሪያውን ተጫነች።

ከዚህ ማዶ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። ሸጋ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ መፍቻ ይወድቃል፣ ወንበር ይንቋቋል። ድንገት ሁሉም ቆመ። ቆይታ ቆርቆሮውን በጣቷ መታች።

"እስቲ ና።"

ስሄድ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በርቶ፣ ከካርቶኑ ዛሬ እንደወጣ ሁሉ ቋንቋ ምረጡ ይላል።

"ምን ሆነ?"

"ተጠረገ። ሁሉም።"

ያንን ቀን ሙሉ የጠፋ ይመልሳል የሚባል ፕሮግራም ሁሉ ሞከረችበት። አንድም ነገር አልመለሰም። ምሳም አልበላችም። "ካርዱ ላይ ይኖራል" ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ "ካርዱ ላይ ይኖራል" ትላለች። የጀመረችውን ግን ጨረሰችው። ሩት አደረገችው፣ ፊደሉንም አስገባች።

መምህር አወቀ በሦስተኛው ቀን መጡ። ክብሪቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት፤ ካርዱን ስልኩ ውስጥ አስገባችው። ካርዱ ውስጥ የነበረው የአንድ ሠርግ ፎቶና መዝሙር ብቻ ነው።

"ድምፁስ? ቃላቱስ?" ሲሉ ሰማሁ።

"መምህር..." አለች። እግር ብረቱን እንደረገጥኩ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጠበቅሁ። "ስልኩ አርጅቷል። ሚሞሪው በራሱ ጊዜ ነው የሞተው። እኔ ስከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት።"

ውሸቱን በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት። ተነስቼ ሄጄ "አይደለም" ማለት እችል ነበር። እግር ብረቱን መልሼ ረገጥኩና መኪናዬ ጮኸ።

መምህሩ ግን አልተቆጡም። ስልኩን ተቀብለው አንዲት ፊደል ጻፉ። "ጘ" ጥርት ብላ ወጣች። ቆመው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ስልኩ ማንበብ ችሏል፤ የሚነበብ ግን የለውም።

"አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ዕቃ ነው" አሉ። "አንዲት የአዘና ሴትዮ ነበሩ። የሣር ስም ብቻ ወደ አርባ ነግረውኛል። ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። አብዛኛውን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም።" ከዚያም መረቋት፦ "እጅሽን ይባርከው።"

ሸጋ ያን ሰሞን ታመመች ብንል ይሻላል። እንጀራ አስቀርቦ የማይበላ ሰው ሆነች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቅዳም ድረስ ሄዳ መምህሩን አገኘቻቸውና ዘንገና ወሰደቻቸው፣ ከእናቷ ጋር አስተዋወቀቻቸው። "እናቴ ብዙ ቃል ታውቃለች፣ ይጠይቋት" አለቻቸው። መምህሩ በሰባ ሁለት ዓመታቸው እንደገና ጀመሩ። ስልክ ግን አላመኑም፤ ደብተር ገዙ። በየሐሙሱ በባጃጅ እስከ መንገዱ ዳር ይመጡና የቀረውን በእግር ይወጡታል። እማማ ማናለብሽ ይናገራሉ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፤ የተሳሳተውን እያነበቡ እንደገና ይጠይቃሉ። ሸጋም ሱቋን ዘግታ አብራ ትሄዳለች።

እናቷ ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ። "የመምህሩ ስልክ ሞቶ ፊደሉን ያዳነችላቸው የእኔ ልጅ ናት" ይላሉ። ሸጋ ይህንን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

"ለምን አትነግሪያቸውም?" አልኳት።

"አንተስ ለምን አልነገርካቸውም?"

ተነስቼ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

በነሐሴ ወር፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ መምህሩ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ሱቋ መጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ሰጧት። በዚያ በመምህር የእጅ ጽሑፍ፣ የነገሯቸው ሰዎች ስም ተዘርዝሯል፤ ከሁሉም በላይ "ፊደላችን እንዲነበብ ያደረገች ሸጋ" ይላል።

"መምህር፣ ስሜን ያውጡት" አለች።

"ለምን?"

"ስልክዎ በራሱ አልሞተም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

መምህሩ ደብተሩን ከእጇ ወሰዱ።

"ማሽኑ ሳይነግርሽ ነው የጠፋው?"

"ነግሮኛል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር።"

"እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?"

"አነባለሁ።"

"አነበብሽው?"

"አላነበብኩትም። መቶ ጊዜ ያየሁት ነው ብዬ አለፍኩት።"

"ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ። እርስዎን መፍራት የጀመርኩት ደግሞ ያን ቀን አይደለም።" ከዚያ የሦስተኛ ክፍሉን ነገረቻቸው፤ ሰሌዳውን፣ ጆሮዋን፣ የክፍሉን ሳቅ። ድምፅዋ እየከረረ መጣ። በዘጠኝ ዓመት እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

መምህር አወቀ ቁጭ አሉ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁት።

"አላስታውስሽም" አሉ በመጨረሻ። "ብዙ ልጅ አንበርክኬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፤ ከተራራ ተራራ የምዞረውም በእሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንቺም ይቅር በሉኝ እንዳትይኝ።"

"አልልም" አለች።

እስክሪብቶ አውጥተው ስሟን በአንድ መስመር ሰረዙት። አልተናደዱም፤ የተማሪ ስህተት እንደሚያርሙ ያህል ነው አለችኝ። ደብተሩን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉና በዝናቡ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሱቋን አልረገጡም። አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ መምህሩ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ወደ ሌላ ሚኒባስ ዞሩ።

"እጄ ነው ወይስ ልቤ?" አለችኝ ከቀናት በኋላ። "ያቺን 'አዎ' ስጫን ተናድጄባቸው እንደነበር አላውቅም። እንዳልነበርም አላውቅም።"

መምህሩ ወደ ዘንገና መሄዱን አላቆሙም። ለእማማ ማናለብሽም ምንም አልነገሯቸውም። ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ይመጣሉ፤ ሸጋ ደግሞ እናቷን የምትጠይቀው እሑድ ብቻ ሆኗል። ባለፈው እሑድ ሄዳ ስትመለስ ሱቋ ገብታ ቁጭ አለች፣ የሰው ስልክ ፈታች፣ እየሠራች በቆርቆሮው ውስጥ ነገረችኝ።

"መምህሩ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል ትላለች እናቴ። አንዳንዱን ቃል ጽፈው ራሳቸው ማንበብ ያቅታቸዋል። 'ሐሙስ መጥተሽ ብትጽፊላቸው ምን አለበት?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ሥራ በዝቶብኛል አልኳት።"