የአባት ስም በየገጹ

ሴትዮዋ የሚመጡት የሆስፒታል ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ ነው። እኔ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ባለ አንድ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎችን አስጠናለሁ፤ እንደ እሳቸው ደብተሩን በሱቅ የወረቀት ከረጢት የለበደ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሲያዋሩኝ እንኳ ደብተሩን ከእጃቸው አይለቁትም።

ዛሬ የታረመ ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት።

«መምህሩ አስር ፖይንት ቀነሱብኝ! ምን አጥፍቼ ነው?»

ሦስቱንም ገጽ አነበብኩት። አንድ የፊደል ስህተት የለበትም።

«በየገጹ ራስጌ ላስት ኔም ይጻፋል፤ ፖሊሲ ነው። የአባትዎን ስም ማለት ነው። እርስዎ የጻፉት የራስዎን ነው» አልኳቸው። ስናገረው እኔንም አናደደኝ።

«ታዲያ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም? አባቴ ነው እንዴ የጻፈው?»

«አይ፣ ማለቴ፣ የዚህ አገር ደንብ...»

«ደብተሬን ቀምቶ ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኝ እሱ ነው! ለባል የሰጠኝም እሱ ነው!» ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ በጣታቸው መቱት። «እዚህ ስሙን ተሸክሜዋለሁ። መንጃ ፈቃዴም ላይ አለ። ጽሑፌ ላይ ግን አይወጣም!»

ማስመሪያ አውጥተው በሦስቱም ገጽ ራስጌ ከገዛ ስማቸው ሥር በእስክሪብቶ አሰመሩበት።

«አስሩን ፖይንት መምህሩ ይውሰዱት» አሉ።