ቀና በይ

ልጅ ሳለሁ፣ የአጎቴ ሚስት አየለች «አበባ» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከዳምቦያ ተድራ ጊምቢቹ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስትመጣ፣ በአገሩ ወግ የአማቷ፣ የወንድ አያቴ፣ ስም ቀርቶ በዚያ ስም መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ተከለከለባት። የአያቴ ስምና የአበባ መጠሪያ ደግሞ በቋንቋችን አጀማመራቸው አንድ ነው። ወንዶቹማ እንዳሻቸው ይናገራሉ፤ ወግ የሚያስረው የሴቷን ምላስ ነው።

ስለዚህ በስንዴው ዳር የሚበቅሉትን ቀያይ የዱር አበቦች «ቀና በይ» ትላቸው ነበር። እውነቷን ነው፤ እንቡጡ አንገቱን ደፍቶ ይሰነብትና አንድ ጠዋት ቀና ይላል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ሐር የሳሳ ቀይ ነው።

አንድ ነሐሴ አያቴ የአረም ደቦ ጠሩ። «ነገ ያንን ቀይ አረም አንድ ሳታስቀሩ ንቀሉልኝ» አሉ። አየለች አማቷን ፊት ለፊት አትከራከር ነገር! ያን ዕለት ማታ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ለእኛ ለልጆቹ ተረት ጀመረች። አያቴ ከምድጃው ማዶ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አንዲት ሙሽራ ነበረች። አማቶቿ ቤት አንገቷን እንደደፋች ክረምቱ አለፈ፤ ቀና በይ የሚላት ጠፋ። ፀሐይ አዘነችላትና ‹ነገ መጥቼ እኔ እልሻለሁ› አለቻት።»

«መጣችላት?» አልኩ፣ ያኔም ምላሴ አያርፍም።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። አራሚዎቹ ከቀደሟትማ አትደርስላትም።»

ፍሙ ተንኮሻኮሸ። አያቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይቺ የዳምቦያ ሴት! ሙሽራ የሚነቅል ደቦ የት አገር ታይቷል?» አሉ።

በማግስቱ ደቦው ስንዴውን አርሞ ዳሩን ተወው። መስከረም ሲጠባ ዳሩ በቀይ ነደደ፤ የማለዳው የአበባ ቅጠል ማታ ይረግፋል፣ በነጋታው ሌላዋ ቀና ትላለች። ጥቅምት ላይ የደረቀውን ፍሬ ጆሮዬ ላይ ስነቀንቀው ዘሩ ይንሿሿ ነበር።

ያ ዘር ዛሬ ሆሳዕና ከተማ፣ ደጄ ላይ በቅሎ አለ። ትምህርት ቤት ሳልረግጥ ፊደል ከወንድሞቼ መጽሐፍ ሰርቄ ስለቅም፣ አንገቴ በደከመ ቁጥር የምሰማው የአየለችን ድምፅ ነበር። ፊት ለፊት መናገር ሲከለከል ዞሮ መናገር እንዳለም ያወቅሁት ከእሷ ነው፤ ምንም እንኳ እኔ ፊት ለፊቱን ብወድም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ያገባት ልጅ መጣች። አዲስ ሙሽራ አይደለች፣ መሬት መሬቱን እያየች ደጄ ላይ ቆመች። ከዚያ እንቡጦቹን አይታ፣ «እማዬ፣ የዚህ አበባ ስሙ ማነው?» አለችኝ፤ ቃሉን አፏን ሞልታ!

ስሙን ነገርኳት።